የተቆረጠው የሹፌር ወንበር

ሉዋንግ ፒሳን አውቶሞቢል የገዙት የሚሄዱበት መንገድ ኖሯቸው አይደለም። ቤታቸው ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ ከባንግ ኬም ቦይ ዳር በግንድ ላይ የቆመ ነበር፤ በደጃፋቸው የሚያልፈውም ውሃ ብቻ ነው። መንገድ የሚባል ነገር ለማየት ቦዩን በጀልባ ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባንኮክ መግባት ያስፈልጋል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት አጠገባቸው የሚቀመጡት ሌላው ሉዋንግ አውቶሞቢል ገዙ። ከዚያ ወዲያ ሉዋንግ ፒሳን ሩዙ አልዋጥ፣ እንቅልፉም አልመጣ አላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ከአባታቸው የወረሱትን የማንጎ ቦታ ሸጡና አንዲት ጥቁር፣ ዓይነ ፈጣጣ አውቶሞቢል ገዝተው ባንኮክ በኩል በተከራዩት የሩዝ መጋዘን ውስጥ አስቀመጧት።

ሉዋንግ ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው። ከበታቹ ኩን አለ፣ ከበላዩ ፕራ አለ፤ የሉዋንግ ሥራ የታችኛውን እየረገጡ የላይኛውን መላስ ነው። ፒሳን በሁለቱም የተካኑ ነበሩ። ፕራ ለመባል ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ ጥቂቱ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያው ጥቂት ነበር።

አውቶሞቢሏን ማን ይንዳት የሚለው ጉዳይ ብዙ አላነጋገረም። ፕሩንግ የሚባል የቤቱ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ አባቱም በዚያችው ጀልባ ላይ ጌታ ሲያመላልስ ኖሮ የሞተ። ሉዋንግ ጠሩት።

«አንተ ጀልባ ትመራ የለም?»

«እመራለሁ ጌታዬ።»

«ይችም እንደ ጀልባ አፍንጫ አላት። አፍንጫዋን ወደምትሄድበት ማዞር ነው። ምን ይከብዳል?»

ፕሩንግም የሚከብድ አልመሰለውም። ሻጩ የላከው ሰው ትንሽ ትንሽ አሳየው፤ የቀረውን ከቦይ አመጣው። መታጠፊያ ሲደርስ በሙሉ ሰውነቱ ወደ ጎን ይጋደማል። በሰው የሚጎተት ሪክሾ ሲመጣበት ጥሩንባውን ትቶ «ግራህን ያዝ! አንተ፣ ግራህን!» እያለ በቦይ እንደለመደው ይጮሃል። ለመቆምም ሞተሩን ከሩቅ ያጠፋና፣ ጀልባ ተንሳፋ ዳር እስክትነካ እንደሚጠበቀው ሁሉ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዳሩን የነካበት ጊዜ አለ፤ ከዳሩ ጋር አንድ የሻይ ዳስ ከነማንቆርቆሪያው ነክቷል።

ሉዋንግን ይህ ሁሉ ግድ አልሰጣቸውም። ያንገበገባቸው መቀመጫው ነው። በጀልባ ላይ ጌታ መሀል ከጥላው ሥር ይቀመጣል፤ ቀዛፊው ከኋላው ነው፣ ጌታ ሲሳፈር ደግሞ ራሱ ከጌታው ራስ እንዳይበልጥ ተንበርክኮ ይቀዝፋል። ቆሞ የሚቀዝፍ የራሱ ጀልባ ያለው ሰው ብቻ ነው። አውቶሞቢል የሠሩት ሰዎች ግን ይህን የሚያህል ነገር ሳያስቡበት አሽከሩን ከፊት፣ ጌታውን ከኋላ አድርገው፣ በዚያ ላይ የአሽከሩን ራስ ከፍ አድርገው ሠርተዋታል። የሉዋንግ እናት እሜቴ ሳንግ ሊመርቁ መጥተው ይህን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? አሽከር ጀርባውን ሰጥቶህ፣ ጭንቅላቱን ሰቅሎብህ ልትሄድ ነው? ያየህ ሰው ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደሆነ በምን ይለይ?»

«ሥሪቱ ነው እናቴ።»

«ሥሪቱ ከሆነ ይሰበር! እኔ ልጅ የወለድኩት የሎሌ ማጅራት ሲያይ እንዲውል አይደለም።»

አናጢ ተጠራ። የሹፌሩ ወንበር ተነቀለ፣ እግሩ በመጋዝ ተቆረጠ፣ ተመልሶ ወለሉ ላይ ተመታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕሩንግ ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጋጥሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ መንገዱን በመሪው ቀዳዳ እያየ ይነዳ ጀመር። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሹፌር የለም፤ ባርኔጣ ብቻ ነው የሚታየው። የመንገዱ ዳር ሻጮችም «የሉዋንግ ፒሳን ባርኔጣ መጣች፣ ሽሹ!» ይባባሉ ነበር። ሉዋንግ ከኋላ ከፍ ብለው ተቀምጠው ሲያልፉ ሕዝቡ የሚሸሸው ለክብራቸው ይመስላቸው ነበር።

በቤቱ ውስጥ ላማይ የምትባል የወጥ ቤቷ ልጅ ነበረች። ፕሩንግ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ ፍቅሯን የምትነግረው ግን በስድብ ነው።

«እኔ ባርኔጣ አላገባም» ትለዋለች ዓሣ እየገፈፈች።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ጀልባ አምጣ። እዚህ ቤት ተጋብተን ልጅ ብንወልድ እሜቴ ሳንግ ‹ጥሩ፣ እግሬን የሚያጥብ ተገኘ› ነው የሚሉት። ጀልባ ካለን ግን በየደጁ እየዞርኩ የጠዋት ገንፎ እሸጣለሁ፣ ሩዝ በዓሣ። አንተ ትቀዝፋለህ፣ እኔ እጨልፋለሁ። ማንም ጠርቶ አያስነሳንም።»

«ጀልባ ከየት ይመጣል?»

«እኔ ምን አውቄ? ትልቁ ሹፌር አንተ!»

ፕሩንግ የሚመኛት ጀልባ አንዲት ብቻ ነበረች፣ ያችው የጌታው ጀልባ። የአባቱ ጉልበት ያረፈበት ቦታ ከወለሏ ላይ ሰርጉዶ ይታያል። በአፍንጫዋ ላይ የታሰሩት ቀይና ቢጫ ጨርቆች የሜ ያ ናንግ ናቸው፤ ጀልባ ያለበት ውሃ ሁሉ የሚያውቃት የጀልባ ጠባቂ መንፈስ፣ እመቤት ናት፣ እሷ ካልፈቀደች ከዳር የሚነቃነቅ የለም። አውቶሞቢሏ ስትገዛ እሜቴ ሳንግ ከዚያው ጨርቅ ቀደው አፍንጫዋ ላይ አስረዋል፤ እመቤቲቱ ለሁለቱም እንድትበቃ ማለት ነው።

በዚህ መሀል አገራቸው ሲያም ጀርመንን እወጋለሁ ብላ ተነሣች። በባንግ ኬም ቦይ ላይ ጀርመን በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዳንዱ ከበርማ ማዶ ነው ይል ነበር። ወደ ፈረንሳይ የሚዘምቱ ፈቃደኛ ሹፌሮች ይፈለጋሉ ተባለ። በሉዋንግ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ተደረገ፣ ሁሉም በየተራው እየተነሣ ቢፈቀድልኝ ኖሮ እያለ ተንገበገበ። ሉዋንግ ፒሳን የሁሉንም አስከነዱት።

«እኔ ጉልበቴ ባይከዳኝ ኖሮ ነገ እዘምት ነበር! ካልሆነም ባዶ እጄን አልቀርም፤ ከጎኔ ቆርጬ እሰጣለሁ። ሹፌሬን ሰጥቻለሁ!»

ተጨበጨበ። ከጎናቸው የተቆረጠው ሰውዬ በዚያን ሰዓት ደጅ ሆኖ ጎማ ያጥብ ነበር፤ ጭብጨባውን ሰምቶ ጌታዬ ተሾሙ እንዴ ብሎ ደስ አለው።

ወሬውን የነገሩት ማታ ነው። ላማይ ማሰሮ ሰበረች። እሜቴ ሳንግ ደግሞ ኩራታቸው ቢያስጠላም እግዜርን የማይፈሩ ሴት አልነበሩም፤ ልጃቸውን ወደ ጀልባዋ ጎተቱት።

«ሰውን ወደ ሞት ስትልክ በባዶ አፍ አይላክም። ስለት ግባ!»

ሉዋንግም የዕጣን እንጨት ለኩሰው በጀልባዋ አፍንጫ ፊት ተንበረከኩ። ላማይ ቆማ ትሰማለች፣ ፕሩንግም ይሰማል።

«እመቤቴ ሆይ፣ ፕሩንግ በሰላም ቢመለስና ስሜን ቢያስጠራልኝ ይህችን ጀልባ ለሱ እሰጣለሁ።»

ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ነበር። ፕሩንግ አንጀቱን በላው፣ አለቀሰም፤ ኋላ ላይ ሲያስበው ሉዋንግን እንዲያ ያንቀጠቀጣቸው እንጨቱ ጣታቸውን ማቃጠሉ ይሆናል ይል ነበር።

መርከቡ ላይ ቱይ ከሚባል የአዩትያ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ተኙ። ቱይ ሹፌር ነኝ ብሎ የተመዘገበ የጎሽ ጋሪ ነጂ ነው።

«እንዴት አለፍክ?» አለው ፕሩንግ።

«መንዳት ትችላለህ ወይ አሉኝ፣ እችላለሁ አልኳቸው። ምን እንደምነዳ አልጠየቁኝም።»

«ፈረንሳይ ስንደርስስ?»

«እዚያ ደግሞ ቋንቋቸውን ስለማላውቅ ቢጠይቁኝም አልሰማም።»

ፈረንሳይ ውስጥ የሰጧቸው ካሚዮን ነበር፤ የቤት ያህል የሚረዝም የጭነት መኪና። ፕሩንግ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ ክው አለ። መንገዱ በሙሉ ይታያል። ግራና ቀኙ፣ ዛፉ፣ ኮረብታው፣ ሩቅ ያለው ደወል ቤት ሁሉ ይታያል። ይህን ሁሉ ጊዜ የነዳው በቀዳዳ እያየ መሆኑ ያኔ ገባው። «ለካ መንገድ ሰፊ ነው!» አለው ለቱይ፤ ቱይም ጎሹ ኖሮ ቢሆን እሱም ይገረም ነበር አለው።

ድንች ጭኖ በወጣበት በመጀመሪያው ቀን አንድ የፈረንሳይ ሻምበል ዘሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ሻምበል ማለት ጌታ ነው። ጌታው ደግሞ አጭር ቢጤ ስለነበር የፕሩንግ ባርኔጣ ከሱ ባርኔጣ በለጠ። ፕሩንግ ላብ አጠመቀው። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ሻምበሉ ሲጋራውን ለማቀጣጠል ሲያጎነብስ እሱ የባሰውን ዝቅ አለ፣ በመጨረሻም ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሪውን ከሥር በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ይነዳ ጀመር። ሻምበሉ ቀና ሲል ሹፌር የለም። ተመታ ብሎ ጮኸ፤ ጥይት የሚባል ነገር ግን በዚያ አካባቢ አልነበረም፣ መድፉም ከሩቅ ነው የሚጉረመረመው። ካሚዮኑ ከነድንቹ የቀይ ሥር እርሻ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ሻምበሉ ፕሩንግን በኮሌታው ጎትቶ ቁስሉን ፈለገ። ቁስል የለም። አስተርጓሚ ተጠራ፤ ፓሪስ የተማረ የሲያም ልጅ ነው።

«ምን ሆንክ ነው የሚሉህ።»

«ራሴ ከራሳቸው በልጦ አሳፈረኝ በልልኝ።»

አስተርጓሚው ቀላ፣ ገረጣ፣ አንገቱን አሻሸ። ይህን ብተረጉም አገሬን ምን ይሏታል ብሎ ተጨነቀና ለሻምበሉ «ሆዱን ቁርጠት ይዞታል» አለው። ሻምበሉ ሳቀ፤ ፕሩንግን ወንበሩ ላይ መልሶ አስቀመጠ፣ ትከሻውን በትከሻው ገፋው፣ ከራሱ አፍ ሲጋራውን አውጥቶ ፕሩንግ አፍ ውስጥ ከተተለትና ጀርባውን ቸብ አድርጎ ቀና በል ብሎ ጮኸበት። ፕሩንግ ከፈረንሳይኛ መጀመሪያ ያወቀው ይህን ቃል ነው። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ቀና ብሎ ነዳ፤ ጭቃውን፣ በረዶውን፣ የተሰበረውን ድልድይ ሁሉ ቀና ብሎ አለፈው። ከአገር ይዞት የመጣውን የእመቤቲቱን ጨርቅ ከካሚዮኑ አፍንጫ ላይ አስሮት ነበር፤ መጀመሪያ የሳቁበት ፈረንሳዮች ኋላ እየመጡ ለኛም ቅደድልን ይሉት ጀመር።

ቱይ ግን አልተመለሰም። ጥይት አይደለም የገደለው። በዚያ መኸር የገባው በሽታ ሦስት ቀን አስተኝቶት በአራተኛው ወሰደው፤ ሲቃዥ ጎሹን በስሙ እየጠራ ይነዳ ነበር። ሬሳውን የጫነው ካሚዮን የፕሩንግ ነበር። ቱይ ሰው የሚያስቅ ልጅ ነበር፣ አሟሟቱ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር የለበትም፤ እንዲያ ያለ ልጅን በማያውቀው አገር ብርድ ላይ ጥለው «ሰጥተናል» ብለው ያስጨበጨቡ ሰዎች ይፈሩ፣ ይጠየቁ ነው የምለው። አልተጠየቁም።

ፕሩንግ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ተሰክቶለት ባንኮክ ሲገባ በወንዙ ዳር ከበሮ ተመታ። ሉዋንግ ፒሳን ማታውኑ ግብዣ አደረጉ። ጀግናው ወለሉ ላይ በጉልበቱ ተቀምጦ ሳህን ሲያቀብል፣ ጌታው እንግዶቹን በወሬ ጦር ሜዳ ይወስዷቸዋል።

«እኛ በበረዶው መሀል ስናልፍ፣ በግራ መድፍ፣ በቀኝ መድፍ!» ይላሉ ሉዋንግ።

አንድ እንግዳ ወደ ፕሩንግ ዞረ። «አንተ፣ ስንት ጀርመን ገደልክ?»

«እኔ ድንች ነው ያመላለስኩት ጌታዬ።»

«አያችሁ?» አሉ ሉዋንግ ደረታቸውን ነፍተው። «ትሕትናው! እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኩት።»

ሲነጋ ፕሩንግ እጆቹን ግንባሩ ላይ አጋጥሞ ከፊታቸው ቀረበ።

«ጌታዬ፣ የጀልባዋን ነገር...»

«የቷ ጀልባ?»

«ስለት የገቡባት።»

ሉዋንግ ጥርሳቸውን ሲጎረጉሩ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ንፉግ ሰው ለንፍገቱ የሚያምር ስም ሲያገኝለት እንደሚበራው።

«አንተ ሜዳልያ ያጠለቅህ ሰው የገንፎ ጀልባ ልትቀዝፍ? ሕዝቡ ምን ይለኛል? ጀግናውን ጣለው አይለኝም? አላዋርድህም ፕሩንግ! ክብርህን አልነካም! ከዛሬ ጀምሮ ዋና ሹፌሬ ነህ።»

ሌላ ሹፌር አልነበራቸውም።

«እንግዲያው ወንበሩን ከፍ ላድርገው ጌታዬ? ፈረንሳይ ቀና ብዬ ስነዳ...»

«ይኼ ፈረንሳይ ነው?»

አይደለም። ፕሩንግ መጋዘኑ ሄዶ የተቆረጠው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ተገናኘ፤ አሁን ደግሞ መሀል ላይ ሜዳልያው ገብቶ ባዞረ ቁጥር ጉልበቱን ይወጋዋል። የመንገዱ ሻጮች «ባርኔጣዋ ተመለሰች!» ብለው ተቀበሉት። ላማይ አልሳቀችም።

«ሰምቻለሁ፣ ዋና ባርኔጣ ሆንክ አሉ» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስማኝ ፕሩንግ፣ ስንት ጊዜ ጠበቅሁህ። ከዚህ በላይ ግን እዚህ ቤት አላረጅም። ክረምቱ ሲወጣ አክስቴ ወደ ላይ አገር ትሄዳለች፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ጀልባ ካለህ ና። ከሌለህ ደህና ሁን።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ።»

«ለአንተ መች ገቡ? ለእመቤቲቱ ነው የገቡት። አንተ ለሷ እንኳ መጮህ አልቻልክም።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሉዋንግ የጠበቁት ቀን መጣ። ለጦርነቱ ስላደረጉት አስተዋጽኦ ፕራ ሊባሉ ነው። ታላቁ ሹም አዳራሽ ከገቡ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ የዘገየ ሰው ማዕረጉም አብሮት ዘገየ ማለት ነው። ሉዋንግ ሐር ለብሰው ወንዙን ተሻገሩና አውቶሞቢሏ ላይ ወጡ። እሜቴ ሳንግ ጭሷ ያስነጥሰኛል ብለው በጀልባዋ ሆኑ፤ የባንኮኩ መንገድ የከተማውን ቦይ ተከትሎ ስለሚሄድ ልጃቸውን ጎን ለጎን እያዩት ይሄዳሉ። የምትቀዝፈው ላማይ ነበረች። ሉዋንግ ሰው በደንብ እንዲያያቸው ቀስ በል ስላሉ ጀልባዋ ከአውቶሞቢሏ ወደ ኋላ አልቀረችም።

አውቶሞቢል ቀድመዋቸው የገዙት ያኛው ሉዋንግ ቤት ዘንድ ሲደርሱ ፕሩንግን «ዙር» አሉት። ዞረ። ሰዎቹ በረንዳ ላይ አልወጡም። «ድገም!» ደገመ።

«ጌታዬ፣ ቤንዚን እያለቀ ነው።»

«ፊት ለፊትህን እይ! ድገም!»

አንዲት ገረድ ወጥታ ውሃ ደፍታ ገባች። ሉዋንግ እጃቸውን አወዛወዙላት።

«ጌታዬ፣ ቤንዚኑ...»

«ጀግና ስለ ቤንዚን አያወራም! ዝም ብለህ ንዳ!»

ዝም ብሎ ነዳ። አዳራሹ ሩቅ ሆኖ ጣሪያው መታየት ሲጀምር አውቶሞቢሏ አሳለች፣ ደገመች፣ ቆመች።

«ንዳ!»

«እምቢ አለች ጌታዬ።»

«ለምን እምቢ ትላለች?»

ፕሩንግ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ነገር ግን ከቦዩ የእሜቴ ሳንግ ጩኸት ቀደመው።

«ስለቱ! ስለቱን በልተህ ነው! አላልኩህም? እመቤቲቱ ያዘችህ!»

ፕሩንግ አፉን ዘጋው። ሁለቴ ተናግሯል፣ ሁለቴ ዝም በል ተብሏል። ደግሞስ እመቤቲቱ በቤንዚን በኩል አትመጣም ያለ ማነው?

ሻጩ፣ መንገደኛው፣ ሕፃኑ ሁሉ ተሰበሰበ። ሉዋንግ «ግፉ!» ብለው ጮኹ፤ አንዲት ሙዝ ጠባሽ ወገቧን ይዛ «እኛማ በገፋን ጌታዬ፤ ስለት የተበላባትን መኪና ግን ማን ደፍሮ ይነካል? የሚቀጥለው ምጣዴ ቢሆንስ?» አለች። ሪክሾዎቹ በሙሉ በበዓሉ ተይዘዋል። በዚህ መሀል ያኛው ሉዋንግ በአውቶሞቢላቸው እያለፉ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ። ሉዋንግ ፒሳን ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ዘለው ወረዱና ሐራቸውን ሰብስበው በቦዩ ዳር ደረጃ ወደ ጀልባዋ ሮጡ፣ ከእናታቸው አጠገብ ከጥላው ሥር ተቀመጡ።

ፕሩንግ ተከትሎ ወርዶ ከላማይ መቅዘፊያውን ተቀበለ። ተንበረከከ። ግን መቅዘፊያውን ውሃ አላስነካም።

«ቅዘፍ እንጂ!»

«እቀዝፋለሁ ጌታዬ። እመቤቲቱ ግን የማን ጀልባ ላይ እንዳለች ማወቅ ትፈልጋለች።»

«አሁን ይኼ የሚነሣበት ጊዜ ነው?»

«የምትጠይቀው እሷ ናት ጌታዬ። እኔማ ዋና ሹፌር ነኝ።»

ከአዳራሹ በኩል ደወል ተመታ። እሜቴ ሳንግ ልጃቸውን ጎሸሙት። «በል እንጂ አንተ! እኔንም ይዘኸኝ ልትሰምጥ ነው?»

ሉዋንግ ጉሮሯቸው ውስጥ አጉረመረሙ። «ያንተ ናት።»

«እመቤቲቱ ያለችው ወዲያ አፍንጫዋ ላይ ነው ጌታዬ። ከዚህ አይሰማትም።»

«የፕሩንግ ናት!» ብለው ጮኹ። «ጀልባዋ የፕሩንግ ናት!» በደረጃው ላይ የቆመው ሕዝብ እልል አለ፤ ሙዝ ጠባሿም ሰምተናል፣ ሁላችንም ሰምተናል ብላ አጨበጨበች።

ሉዋንግ ፒሳን በዚያን ቀን በሰዓቱ ደርሰው ፕራ ተብለዋል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ ይደርሳሉ። በቦዩ ዳር የነበረ ሰው ግን ማዕረጋቸውን ረስቶታል፤ የሚያስታውሰው ቀጥሎ የሆነውን ነው።

ፕሩንግ መቅዘፊያውን ጨበጠና ከተንበረከከበት ተነሣ። ቀጥ ብሎ ቆመ። የአባቱ ጉልበት ባሰረጎደው ቦታ ላይ ሁለት እግሩን ተከለ፤ ራሱ ከጥላው በላይ፣ ከሉዋንግ ራስ በላይ ወጣ። ላማይ ከታች ወደ ላይ አየችውና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ሉዋንግ ዘወር ሲሉ የሹፌራቸው እምብርት ከዓይናቸው ፊት ነበር።

«እናቴ! ኧረ ቆሞብኛል! እዪው፣ ጭንቅላቱን ሰቅሎብኝ!»

እሜቴ ሳንግ አንዴ ወደ ፕሩንግ፣ አንዴ አፍንጫዋ ላይ ወዳለው ጨርቅ ተመለከቱ። የሚያኝኩትን ቅጠል ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዛወሩ።

«ሥሪቱ ነው ልጄ» አሉ። «ዝቅ በል።»